ኮምፒዩተር ከልኩ በላይ ሲሮጥ



ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ በሻይ ክበባችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። «ኮምፒዩተሬ ቀርፋፋ ነው። ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን ከተመደበላቸው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ቢቻልስ አይቃጠልም ወይ?» የሚል ነው። ነገሩ ባለሙያዎቹ ዘንድ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። መልሱ ባጭሩ «አዎ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን» የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ «ነገር ግን» ላይ ያተኩራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት በራሳችን ላይ የደረሰውን እናጫውታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተን አንድ ኮምፒዩተር ገጣጠምን። ፕሮሰሰሩንም ሜሞሪውንም በአንድ ቀን ከልካቸው በላይ አስሮጥናቸው። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ፊልም አሳየ፤ ጌም አጫወተ። እኛም «ተሳካ!» ብለን ተደሰትን። ሙከራ? ኧረ ማን ሞክሮ!

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት በዚያው ኮምፒዩተር መዝግበን፣ ደምረን፣ ደረጃ አውጥተን ለጠፍን። በማግሥቱ አንዲት ልጅ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ሒሳብ ሰባ ስምንት ነው ያገኘሁት፤ እዚህ ግን ሰባ ይላል» አለችን። ወረቀቷን አየን፤ 78 ነው። ኮምፒዩተሩን አየን፤ 70 ይላል። በስምንት ነጥብ ሰበብ ልጅቷ ከሦስተኛ ወደ ሰባተኛ ደረጃ ወርዳለች።

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ጣታችንን ነበር። በኋላ ግን ሜሞሪውን በመሞከሪያ ፕሮግራም ብንፈትሸው ስሕተት በስሕተት ሆኖ ተገኘ። ፍጥነቱን ወደ ቦታው ስንመልሰው ስሕተቱ ሁሉ ጠፋ። ታዲያ ያችን ስምንት ያጠፋት ጣታችን ነው ወይስ ማሽኑ? እንዲህ ያለ ማሽን አንዴ መሳሳት ከጀመረ የትኛው ስሕተት የእርሱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ትልቁ ጉዳት እሱ ነው። መላውን ሮስተር ከወረቀቶቹ ጋር አንድ በአንድ ስናመሳክር ሁለት ቀን ፈጀብን።

እንግዲህ ልናስረዳችሁ የፈለግነው ይህንን ነው። የተቃጠለ ኮምፒዩተር ሞቱን ይናገራል። በጸጥታ የሚሳሳት ኮምፒዩተር ግን ከቀርፋፋውም ከተቃጠለውም የከፋ ነው።

የአንጎሉ ምት

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ አንጎል ነው ይባላል። ይህ አንጎል የሚሠራው በምት ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ኳርትዝ ከተባለ ማዕድን የተሠራ ትንሽ ክሪስታል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሳያዛንፍ ይርገበገባል። በእጅ ሰዓታችን ውስጥ ያለውም የዚሁ ወንድም ነው። የሰዓቱ ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። የሒሳብ ዕጩ መምህራን ይህ ቁጥር የ15 ሁለቶች ብዜት መሆኑን ወዲያው ያውቁታል።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከክሪስታሉ የሚነሣው መነሻ ምት በአብዛኛው በሴኮንድ 100 ሚሊዮን፣ ማለትም 100 ሜጋኸርዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህንን በአንድ ማባዣ ያበዛዋል። ማባዣው 36 ከሆነ 100 × 36 = 3,600 ሜጋኸርዝ፣ ወይም 3.6 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ማባዣውን 40 ብናደርገው 4.0 ጊጋኸርዝ ይመጣል። ኦቨርክሎኪንግ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ማን ይከለክለናል? 36ቱን 60 አድርገን ለምን አንገላገልም?

እስቲ ወደ ክፍላችን እንመለስ። መምህሩ ቃል ጽሕፈት እያስጻፈ ነው እንበል። አንድ ቃል ይላል፤ ያጨበጭባል፤ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ሁለተኛ ቃል ይላል፤ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሲፈጥን ጎበዞቹ ይከተላሉ። በጣም ሲፈጥን ግን አንዱ ፊደል ያስቀራል፤ ሌላው ቃል ይዘላል። ልብ በሉ፤ ክፍሉ አይጮኽም። «አልጻፍኩም» ብሎ እጁን የሚያወጣም የለም። ስሕተቱ የሚገኘው ደብተሩ ሲታረም ነው።

የፕሮሰሰሩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ3.6 ጊጋኸርዝ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 0.28 ናኖሴኮንድ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 8.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱ በብዙ ትራንዚስተሮች አልፎ፣ ቦታው ደርሶ፣ 0 ወይም 1 ሆኖ መርጋት አለበት። ሳይረጋ የሚቀጥለው ጭብጨባ ከመጣ ያልተጠናቀቀው መልስ እንደ ተጠናቀቀ ተቆጥሮ ይመዘገባል።

ከአንድ ማሳ የተሰበሰበ ቦሎቄ ፍሬው እኩል አይሆንም። ቺፖችም እንደዚያው ናቸው፤ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው አንዱ ከሌላው ይፈጥናል። ፋብሪካው እየፈተነ ይለያቸዋል፤ በሙቀትም፣ በእርጅናም እንዳይሳሳቱ ከአቅማቸው ዝቅ ያለ ፍጥነት ይመድብላቸዋል። ያ ልዩነት መጠባበቂያ ነው። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚበላው ይህንኑ መጠባበቂያ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1984 ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ በ6 ሜጋኸርዝ ይሮጥ ነበር። ፍጥነቱ የሚመጣው ከ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነው። ሰዎች ይህን አወቁና ክሪስታሉን ነቅለው በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ተኩት፤ ፕሮሰሰሩም 8 ሜጋኸርዝ ገባ። ኩባንያው በኋላ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ጨመረበትና ይህን ከለከለ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ማባዣው 4.5፣ መነሻ ምቱ 66 ሜጋኸርዝ፣ ብዜቱ 300 ነበር። ተጠቃሚዎች መነሻውን 100 ሲያደርጉት 450 ሆነ። ግማሽ ያህል ፍጥነት በነጻ ተገኘ ማለት ነው። የኦቨርክሎኪንግ ዝና ወደ ብዙ ቤቶች የገባው በዚያን ዘመን ነው።

ዛሬስ? የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና ኃይላቸውን እየለኩ፣ ሥራ ሲበዛባቸው ራሳቸው ፍጥነታቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ፋብሪካው መጠባበቂያውን አብዛኛውን ራሱ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ በእጃችን የምንጨምረው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። የ1998ቱን ወሬ ሰምቶ በዛሬው ማሽን ላይ ግማሽ እጥፍ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ዋጋው ሙቀት ነው

ምልክቱ ቶሎ እንዲደርስ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ይረዳል። ቁርስ የበላ ተማሪ ቶሎ እንደሚጽፍ ያህል ነው። ግን ዋጋ አለው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። እናስላው፤

ፍጥነት ከ3.6 ወደ 4.0 ጊጋኸርዝ፦ 1.11 እጥፍ።
ቮልቴጅ ከ1.20 ወደ 1.32፦ 1.10 እጥፍ፤ ስኩዌሩ 1.21።
ብዜቱ፦ 1.11 × 1.21 = 1.34።

ስለዚህ 65 ዋት ይፈጅ የነበረው ፕሮሰሰር ወደ 87 ዋት ይደርሳል። 11 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 34 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ከፈልን ማለት ነው።

ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ቁጥሩ 4.0 ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሥራው ከበፊቱ ሊያንስ ይችላል። ሙቀቱና ቮልቴጁ ሲቆዩ ደግሞ ቺፑን ያስረጁታል። በቀጫጭኖቹ የብረት መስመሮች ውስጥ የሚሮጠው ኤሌክትሪክ የብረቱን አቶሞች ቀስ በቀስ እየገፋ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ መስመሩ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ ሌላው ጋ ይከመራል።

ለቮልቴጅ ጉዳይ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከፊሎቹ ያለምክንያት ፕሮግራም እያቋረጡ ተጠቃሚዎችን አስቸገሩ። ኩባንያው መርምሮ ዋናው ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ መጠየቁ መሆኑን ገለጸ፤ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ አያድንም። እንግዲህ ሠሪው ራሱ እንዲህ ከተቸገረ እኛ በግምት ቮልቴጅ ስንጨምር ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ስለ ሜሞሪ

ሜሞሪ ወይም ራም ኮምፒዩተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር የሚያስቀምጥበት ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ 0 ወይም 1 የሚቀመጠው እጅግ ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ያፈሳል። ስለዚህ በተለመደው ሙቀት እያንዳንዱ በየ64 ሚሊሴኮንዱ ተነብቦ እንደገና ይሞላል። ሜሞሪውን ከአቅሙ በላይ ስናስሮጠው ለመሙላትም ለማንበብም ያለው ጊዜ ያጥራል። በዚህ መካከል አንድ 1 ወደ 0 ይለወጣል።

አንድ ምልክት ብትለወጥ ምን አላት? እነሆ። በኮምፒዩተር ውስጥ የ«8» አኃዝ መለያ 00111000 ነው። የ«0» መለያ ደግሞ 00110000 ነው። ሁለቱን አስተያዩዋቸው፤ የሚለያዩት በአንዲት ምልክት ብቻ ነው። እሷ ከተለወጠች 78 ወደ 70 ይሆናል። ኮምፒዩተሩም አይጮኽም፤ 70 ትክክለኛ ቁጥር ነውና። ፋይሉንም «በሚገባ ተቀምጧል» ብሎ ያስቀምጠዋል። የዚያች ልጅ ነገር ትዝ አላችሁ?

ስለ ሜሞሪ ፍጥነት ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ካርዱ ላይ 3200 ተብሎ የተጻፈ ዲዲአር4 ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ሲገጠም በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠራው። የተጻፈለትን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ከተባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ኤክስ.ኤም.ፒ. ወይም በአዲሶቹ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ ኤክስፖ የሚለውን ስናበራ ነው። ይህ የሜሞሪው ሠሪ አስቀድሞ ፈትኖ ያስቀመጠው ፍጥነት ስለሆነ ከግምት ይሻላል። ሆኖም የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ሲሆን ይህ አሠራር በአብዛኛው 1.35 ይጠይቃል። ስለዚህ እሱም ራሱ ኦቨርክሎኪንግ ነው፤ መሞከር አለበት።

ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ፈጣን ማለት አይደለም። ሜሞሪ መረጃ ሲጠየቅ ጥቂት ምቶች ይጠብቃል። 3200 የተባለው በሴኮንድ 1,600 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለቴ ያስተላልፋል። 16 ምት የሚጠብቅ ከሆነ 16 ÷ 1.6 = 10 ናኖሴኮንድ ነው። 3600 የተባለው 18 ምት ቢጠብቅ 18 ÷ 1.8 = 10 ናኖሴኮንድ። የመጀመሪያዋን መረጃ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ እኩል ነው። ሻጩ የሚነግረን ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው።

የሶዶ አየርና የሶዶ መብራት

ስለ ኦቨርክሎኪንግ የተጻፈው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ሌላ አገር ለሚኖር ሰው ነው። የእኛን ሁኔታ እንይ።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ነች። እንደ ሰፈሩ ይለያያል እንጂ ከፍታዋ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ውኃም የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህን በሳይንስ ክፍል በቴርሞሜትር ማሳየት ይቻላል። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ሙቀት የሚያስወጣው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በሌላ በኩል የከተማችን ቅዝቃዜ ይረዳናል። ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ የሚጨምረው ዲግሪ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙም አይለዋወጥም። 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 70 የደረሰ ፕሮሰሰር፣ 32 ዲግሪ በሆነ ክፍል ወደ 80 ይደርሳል። በመሆኑም ሶዶ ላይ ሞክሮ ደኅና ያገኘውን ማሽን ይዞ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ቆላ ለማስተማር የሚወርድ መምህር እዚያ እንደገና መሞከር አለበት።

ስለ መብራት እንመልከት። በዞናችን ወሰን በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው ጊቤ 3 ኃይል ማመንጫ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነበር። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም በ2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። ነገር ግን ትልቅ ኃይል በአጠገባችን ማለፉ ከሶኬታችን የሚወጣው 220 ቮልት አይዋዥቅም ማለት አይደለም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል የምናየው ነው። ከመጠባበቂያው ሁሉ ተላቆ በአፋፍ ላይ የሚሮጥ ማሽን ይህን መዋዠቅ መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ የሌለው ሰው ኦቨርክሎክ ለማድረግ ባይነሣ ይሻላል።

ማሽናችሁ ይፈቅዳል ወይ?

በየቤታችን ያሉት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ቀድሞ በቢሮ ያገለገሉ ናቸው። እነዚህ ማባዣቸው የተቆለፈ ስለሆነ ጥያቄው እዚሁ ላይ ያበቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማባዣው የሚከፈተው በመጠሪያው መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛው «ኬ» ፊደል ያለበት ነው፤ ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ መሆን አለበት። ከኤኤምዲ የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ ዝቅተኛዎቹ ማዘርቦርዶች ግን አይፈቅዱም። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ተዉት፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

«ታዲያ እኛ ምን ይሻለናል?» ለምትሉ፣ መልካም ዜና አለን። መጀመሪያ ማሽናችሁ የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ እወቁ። አንድ ሥራ 60 ሴኮንድ ፈጀ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሠራበት 20 ሴኮንድ፣ ዲስኩ እስኪያነብ የተጠበቀው 40 ሴኮንድ ነው። ፕሮሰሰሩን 10 በመቶ ብናፈጥነው 20ው ወደ 18.2 ይወርዳል፤ ጠቅላላው 58.2 ይሆናል። ያ ሁሉ ድካም ሁለት ሴኮንድ እንኳ አልሞላም! ይልቅስ የሚሽከረከረውን አሮጌ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት፣ ሜሞሪ ሲጎድል መጨመር፣ አንድ ካርድ ብቻ ከሆነ አምሳያውን ገዝቶ ጥንድ ማድረግ፣ አቧራውን ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የደረቀውን ፔስት መለወጥ የበለጠ ይጠቅማል። ይህም ውጤት አያሳስትም።

ለሚሞክር ሰው ቅደም ተከተል

ይህ ሁሉ ተሰምቶም ማሽኑ የሚፈቅድለትና መማር የሚፈልግ አለ። መማር መልካም ነውና መንገዱን እናሳያለን።

1ኛ/ ፋይሎቻችሁን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጣችሁ ከማሽኑ ነቅላችሁ አስቀምጡ። የውጤት መዝገብ፣ የምርምር ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያለበት ማሽን የሙከራ ማሽን አይደለም።

2ኛ/ መነሻውን መዝግቡ። ማሽኑ ምንም ሳይነካ ሥራ ሲበዛበት ሙቀቱ ስንት ይደርሳል? አንድ ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መነሻ ያልተለካበት ሙከራ ሙከራ አይባልም። ሳይነካ 85 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን አስተካክሉ።

3ኛ/ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ነካን። በሳይንስ ትምህርት እንደምናስተምረው፣ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሜሞሪውን ስትነኩ ፕሮሰሰሩን ተዉት፤ ፕሮሰሰሩን ስትነኩም ሜሞሪውን ወደ መደበኛው መልሱት።

4ኛ/ ሜሞሪውን በሠሪው በተፈተነው ፍጥነት፣ ማለትም በኤክስ.ኤም.ፒ. ወይም በኤክስፖ ብቻ ጀምሩ። ከዚያም ሜምቴስት86 የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ አስነሥታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ፈትሹ። ይህ ፕሮግራም የሚሠራው ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሆነ በሜሞሪው ስሕተት ፋይሎቻችሁ አይበላሹም። የማለፊያ ነጥቡም እንደኛ ፈተና 50 አይደለም። አንድ ስሕተት ከተገኘ ወድቋል።

5ኛ/ ፕሮሰሰሩን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ ማባዣውን አንድ፣ ቢበዛ። ቮልቴጁን አትንኩ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ፕራይም95ን የመሰለ ከባድ ሥራ ለአንድ ሰዓት አሠሩት። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው መርሴን የተባሉትን ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ለመፈለግ ነው። ሳምንታት በሚፈጅ ስሌት ውስጥ አንድ ስሕተት ሁሉን ስለሚያበላሽ የማሽኑን መልስ ከታወቀ መልስ ጋር የሚያስተያይ ክፍል አለው። ማሽኑን እያረመ ይፈትነዋል ማለት ነው።

6ኛ/ በሙከራው ጊዜ ሙቀቱን እያያችሁ ተቀመጡ፤ 85 ዲግሪ ካለፈ አቁሙ። ስሕተት የታየበት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ አንድ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ዛሬ ያለፈው ፍጥነት በጋ ሲገባ፣ አቧራ ሲሞላ፣ ቺፑ ሲያረጅ ላያልፍ ይችላልና። መጨረሻ ላይም ቢያንስ አንድ ሌሊት ፈትኑት።

7ኛ/ ማሽኑ አልነሣ ቢል አትደንግጡ። አጥፉት፤ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ባዮሱ ወደ መደበኛው ይመለሳል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቆያል። ዩፒኤስ ሳይኖራችሁም ባዮስ ለማደስ አትሞክሩ፤ መካከሉ ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል።

8ኛ/ ያገኛችሁትን ከመነሻው ጋር አስተያዩ። ሥራው ከአሥር ደቂቃ ወደ ዘጠኝ ተኩል ብቻ ከወረደ፣ የጨመረው ሙቀትና የሚያስፈራው ስሕተት ይህንን ያወጣል ወይ? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ በዚህ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት በዋስትናቸው ኃላፊ አለመሆናቸውንም አትርሱ።

ማጠቃለያ

ኦቨርክሎኪንግ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ስለ ምት፣ ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ስሕተት ከመጽሐፍ ይልቅ በእጅ የሚያስተምር ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። አሠልጣኞቻችንም ከላይ ያሉትን ስሌቶች በፊዚክስና በሒሳብ ክፍል ቢያሠሩባቸው ዕጩዎቹ የሚወዷቸው ይመስለናል።

ይሁን እንጂ መጫወቻና መዝገብ በአንድ ማሽን ላይ አይኑሩ። ጌሙ ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል። የልጅ ውጤት ግን እንደ ጌም አይደለም። ያች ልጅ ወረቀቷን ባትጠብቅ ኖሮ፣ ወይም ፈርታ ዝም ብትል ኖሮ 70ው 70 ሆኖ በቀረ ነበር። እኛም ዛሬ ድረስ ማሽናችን ፈጣን ነው እያልን እንኩራራ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የውጤት ሥራ የምንሠራው ባልተነካ ማሽን ነው፤ ከመለጠፋችንም በፊት አንዳችን ከወረቀቱ እያነበብን ሌላችን ከኮምፒዩተሩ እናመሳክራለን። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

አባቶች የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኛ ሁለት ቀን ሙሉ ለቅመናል፤ እናንተ ግን ሳታፈሱ ሞክሩ።

በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ፣ ወይም የሞከራችሁትን መነሻና መድረሻ ልኬት ልታካፍሉን የምትፈልጉ፣ በወረቀት ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን።

ከዝግጅት ክፍሉ